ሚኒሞ

ድሬ ላይ የሰው ላብ ማን ቁም ነገር ብሎት፤
ሰኔ ከገባማ ግድግዳው ያልበዋል፣ ጥላው ትኩሳት አለበት።
ሸሚዜን በቀን ሦስት ጊዜ እየጨመቅሁ
«ሙቀቱ ነው» ብዬ ባጃጄን ነዳሁ።
ሱሪዬ ሰፋብኝ፤ ቀበቶዬን በምስማር በሳሁ፤
እየበላሁ ከሳሁ።
መልስ ስሰጥ እጄ ይንቀጠቀጥና ሳንቲሙ ይበተናል፤
ከዚራ ዛፍ ሥር ተሳፋሪው አይቶ «ጫቱ በዝቷል» ይላል።
ጫት ከተውኩ ዓመት አልፎኛል።

የሳፊያ ወንድም ሰርግ ነበር፣ ሳቢያን፤
ቀኑን ወንበር ሳመላልስ፣ ስተክል ድንኳን፣
ማታ ሩዙን በላሁ፤ ስኳር የጠጣ ሙሸበክ ደረብሁ፤
አልጋዬን ግቢ አውጥቼ ሰማይ ለብሼ ተኛሁ።

ለሱብሂ አዛን ሲል ነቃሁ።
እግሬን «ተነስ» አልኩት።
አልሰማም።
ደግሜ አልኩት።
እንደ ሰው ዕቃ እዚያ ማዶ ተጋድሟል፤
ልቤ ግን ደንገጎን እንደሚወጣ ሲኖትራክ ያጓራል።
ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው አይዞርም፤
ፍሪሲዮኑ ያለቀ መኪና አውቃለሁ፣ ሰው ግን አላውቅም።

«ዓይን ነው» አለ አንዱ። «ጂን ረግጦ ነው» አለች ሙሚና።
ለአራት ተሸክመው በራሴው ባጃጅ ጫኑኝ፤
ዕድሜዬን ሰው ሳመላልስ፣ ኋላ ወንበር ላይ እንደ ከረጢት ጣሉኝ።
ደቻቱን ስንሻገር አየሁት፦ ውሃ የለም፣ አሸዋ ብቻ፤
ስሙ ወንዝ፣ የሚሄድ የለም፤ እግሬ ሆነ የሱ አቻ።

ዶክተር ትርሲት እግሬን ትታ አንገቴን ዳሰሰች፤
«ዋጥ አርግ» አለች። ዋጥኩ። ከጣቷ ሥር አንዲት እብጠት ወጣች፣ ወረደች።
«ይቺ እጢ ከልኳ በላይ ትሠራለች።»
ገባኝ፦ ሚኒሞው ከፍ ብሎ፣ ቆሞም ነዳጅ የሚበላ መኪና።
«ድካሙ፣ ሩዙ፣ ስኳሩ ተደራርቦ፣ ፖታሲየም ከደምህ ሸሸና
ጡንቻህ ትእዛዝ አልሰማ አለ።
ብዙ ሰው ላይ አይታይም።» ሳፊያ ተቆጣች፦
«ብዙ ሰው ምን አገባኝ? እኔ ያለኝ አንድ ነው» አለች።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይባል ነበር በተረት፤
የእኔውስ ላይ፣ ጆሮው ቀርቶ፣ እግር አልደግፍም አለበት።

ጠብታው በዝግታ ወረደ፤ ልቤን በማሽን ያያሉ።
ከቀትር በፊት የግራ አውራ ጣቴ ነቃ አለ።
ሳፊያ ምንም አላለችም። ጣቴን ይዛ ቆየች።

አሁን ኪኒን እውጣለሁ። ሚኒሞ በአንዴ አይወርድም፣
ቡሎኑን ቀስ እያሉ ነው፤ ይህን ለእኔ ማንም አይነግረኝም።
ሩዝ ባየሁ ቁጥር ግን እግሬን አየዋለሁ።
ማታ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ጣቴን «አለህ?» እለዋለሁ፤
ሳፊያም በጨለማ እግሯን ሰዳ ትነካኛለች።
«ማርሽ ገባ?»
«ገባ።»
ትተኛለች።