አራት መቶ አሥራ ሁለት

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ለሊፍት የተተወ ጉድጓድ፤
ገና ደረጃው ላይ ጣቶቼ ይጀምራሉ፣ በመደገፊያው ብረት መንጎድ።

አሮጌ ኮምፒውተር፤ «ኤፍ» የምትባል ፊደሏ ወልቃ፣
የእስክሪብቶ ክዳን ተተክቶላት፣ በማስቲካ ተጣብቃ።
ቀስቶች ይዘንባሉ ከስክሪኑ ሰማይ፤
አንዷን ከዘገየሁ ቆጠራው ይፈርሳል፣ ይበራል ቀይ።

ከሥር ጋሽ ልሳነወርቅ፣ ጡረታ የወጣ የመንገድ ቀያሽ፣
በመጥረጊያ እጀታ ጣሪያውን ይነርታል፦
«አንተ ልጅ፣ ተኛ እንጂ፣ አታምሽ!»

ዛሬ አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ አንዲትም ሳልስት፤
ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።
ሄደ መብራት።

የብሎኩ መስኮት ሁሉ ባንዴ ታወረ፤
ፋኑ አቃስቶ ቆመ፤
ከጤፉ ማሳ ማዶ አንድ ጅብ ጀመረ።
ጣቶቼ ግን አልሰሙም፤ በጨለማ ጠረጴዛውን መቱ፣
እስከማውቀው ድረስ። ከዚያ ጠፋኝ፤
በየት በኩል ነበር ምቱ?

ያኔ ከወለሉ ሥር
ኳ፣ ኳኳ... ኳ፤
የመጥረጊያው እጀታ፣ ሳይዘል፣ ሳይጣደፍ፣
የቀረኝን ጨረሰው፣ እስከ መጨረሻዋ ጫፍ።

እኔ ስድስት ወር ሙሉ ቁጣ ነው ስል፣
ለካ ሽማግሌው ከሥር
ቤት ይመታልኝ ኖሯል።