ያልተዋጠ

ከፍራንኮ በላይ፣ ነፋስ በሚያዝበት፣
የእትዬ ውድነሽ ነው የምከራይበት።
ግድግዳዋ ነቅቷል፤ ከመስኮቱ ግርጌ
እስከ ቆርቆሮው ጫፍ፤ ጣቴን ሜትር አድርጌ
ለክቼዋለሁ። ትንሿ ትገባለች፤
የቀለበቷ ግን ገና እንቢ ትላለች።

ግንበኛው ገመቹ፣ መስከረም ሲጠባ፣
ባልዲ አንጠልጥሎ ግቢያችን ሲገባ፣
ሲሚንቶ ያጎርሰዋል፣ እስኪበቃው ድረስ፤
ይከፈታል ደግሞ ፋሲካ ሳይደርስ።

«አንተ የመሬት መምህር፣ በሷ ስም ደሞዝተኛ፣
ምን አጉድዬባት ነው? እስቲ ንገረኛ!»

ነገርኳት፦ ቆዳ ነው የቆምንበት መሬቱ፤
እዚህ አዳማ ላይ ላልቶበታል ስፌቱ።
ከቦሰት ተራራ እስከ ወንጂ አገዳ
በዓመት ጥቂት ሚሊ ይለጠጣል ሜዳ።
የሚሰፋ ቆዳ ግን እንዲሁ አይሰፋም፤
የሚውጠው ጉሮሮ ሌላ ቦታ አይጠፋም።
ሩቅ፣ ከባሕር ወለል፣ ብርሃን ከማያውቀው፣
ያረጀውን አለት ቀስ ብላ ስትውጠው፣
ቀድሞ የሰመጠው የቀረውን ይስባል፤
ወለሉ በሙሉ በዚህ ይጓዛል።

«ታዲያ?»

ታዲያ አንዳንዴ ይመጣል አንድ የባሕር አምባ፣
የጥንት እሳት ያቆመው፣ ወፍራም እንደ ካባ፤
ቀላል ስለሆነ መስጠም የማይወድ፣
ከጉሮሮዋ አፍ ላይ ቆሞ የማይወርድ።
ትታነቃለች ምድር። ጉርሻው በዝቶባታል።
የሰመጠው ጅራት ከሥር ይበጠሳል፤
ጉዞው ይዘገያል፣ አቅጣጫው ይዞራል፤
ያልሰማ ተራራ፣ ሺህ ኪሎሜትር ርቆ፣
ምን እንደነካው ሳያውቅ ወገቡ ይጎብጣል።

ምስር ትለቅም ነበር። እጇ ቆመ።
ከውጭ ባጃጅ አለፈ፤ ቀጥሎም አገዳ የጫነ መኪና፣
መስታወቱን እያንቀጠቀጠ።

«እኔም አንድ አለኝ» አለች።
«ወንድሜ ድንቁ የፈረመው ወረቀት፣
ያባታችንን ቦታ ለብቻው ያረገበት።
አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ዋጪው ይሉኛል፤
ዕድሩም፣ ቄሱም፣ ልጆቼም።
ጾምኩበት። ውሃ ጠጣሁበት።
እዚህ ላይ ነው።»
ጉሮሮዋን በሁለት ጣት ያዘች።

«ያ ያልተዋጠው፣ ያንተው አምባ፣
መጨረሻው የት ነው?»

«ይለጠፋል» አልኳት። «ከዳር ካለው የብስ ጋር ይጋጠማል።
ዘመን ሲያልፍበት አገር ይሆናል።
ጉሮሮው ደግሞ ከጀርባው፣ ሌላ ቦታ፣ እንደ አዲስ ይከፈታል።»

«ሰው ያርስበታል?»

«ያርስበታል።»

«ሰው ያርስበታል» አለች እንደገና፣ ለምስሩ።

መስከረም ጠባ። ገመቹ ባልዲውን ይዞ መጣ።
«የዘንድሮን ተወው» አለችው።
እርሳሴን ተቀበለችኝ፤
ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ነጥብ አኖረች፤
ቀኑን ጻፈች፣ በትልልቁ፣
እንደ ልጅ ቁመት በር ላይ እንደሚጻፍ።

ከዚያ ስልኳን አወጣች።
ቁጥሩን ከአሮጌ ደብተር ላይ አንድ በአንድ ነካች።
ጠራ።
ጠራ።
ድንቁ አላነሳም።
እሷም አልዘጋችም፤
በስንጥቁ በኩል የአዳማ ነፋስ
እየገባ፣
አቧራውን ምስሩ ላይ እየጣለ።