ገለፈት

ሩማንያ፣ ቭራንቻ፣ ጥቅምት ሳይገባደድ፣
ዝናቡ አላባራ፣ ጭቃ ዋጠው መንገድ።
የዜኖቪያ በቆሎ በእንጨት ቆጡ ላይ
ከሩቅ ወርቅ ይመስላል፤ ተፈልፍሎ ሲታይ
አረንጓዴ ዱቄት፣ የዛገ ነሐስ ቀለም፤
ሻጋታው ይሸታል፣ የመርዙ ሽታ የለም።

እሷ ግን መች ጣለች? ድሃ መጣል አያውቅም፤
ወገብ ያጎበጠውን ለእሳት አይለቅም።
"አሳማ ምን ያውቃል? ያገኘውን ይብላ"
አለችና ፈጨች፤ ግን ሳምንት ሳይሞላ
ስምንቱ ግልገሎች ገላቸው መነመነ፣
ጭራቸው ረጠበ፣ ድምፃቸው ቀጠነ።

ያን ጊዜ ነው እንግዲህ
ከጎረቤቷ ከፓንቴሊሞን፣ ከመጭመቂያው ሥር፣
የወይን ገለፈት፣ ከነፍሬው፣ የተቆለለ እንደ አፈር፣
ተርብ የሚዞረውን፣ በባልዲ ለምና ያመጣችው፣
ከበቆሎው ጋር አሽታ የደባለቀችው።
"ለምን?" ቢሏት፣ "እንዲሞላ!" ይህችው ናት መልሷ፤
ገንዳ እንዲሞላ እንጂ፣ መድኃኒት አላሰበች እሷ።

ልጇ ሩክሳንድራ፣ ቅዳሜ በማለዳ
ከያሽ ከተማ መጣች፣ ቦርሳ አንግባ እንደ እንግዳ።
እጇ አልኮል ይሸታል፤ ሥራዋ ነው ማየት
በአጉሊ መነጽር ሥር፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ አንጀት።

"እማዬ፣ አንጀት ማለት" አለች፣ ከበረቱ ደፍ ቆማ፣
"ጣት ነው፣ እልፍ አእላፍ ጣት፣ እንደ ሣር የለማ፤
የተዋጠውን ሁሉ ዳብሶ፣ መርጦ፣ ቀምሶ
ደጉን የሚያሳልፍ፣ ክፉውን መልሶ።
ሻጋታው ሲገባ ጣቶቹ ያጥራሉ፣
በረዶ እንደመታው ስንዴ ይተኛሉ፤
ከጣት እስከ ጣት ያለው ስፌት ይተረተራል፣
ሥጋም እንደ ሚስማር ከውስጡ ይዝጋል።
ይኼ ጥቁር ገለፈት፣ ይኼ ምላስ የሚያደርቀው፣
ዝገቱን ይቀድመዋል፤
ራሱ ዝጎ፣ ራሱ ነድዶ፣ ስፌቱን ያቆያል።
እኛ ጸረ-ኦክሲደንት እንለዋለን።
አንቺ አተላ በይው።"

ዜኖቪያ ሳቀች። "ዳንኩ በይኛ እንግዲያ!"
"አልዳንሽም እማ። ጋሻ ያዝሽ እንጂ፣ ጦሩ አለ እዚያው እዚያ።
ገለፈት መርዝ አይገድልም። ጊዜ ነው የሚገዛ።"
ቀና ብላ አየች፣ ወደ በረቱ ጥግ፦
"ላሚቱስ? ዮያናስ? ከዚሁ በልታለች?"

ዜኖቪያ ዝም አለች።
አጥሩ ላይ ተሰቅሏል
ሰማያዊ ጣሳ፣ ማታ ማታ ይሞላል፤
የገለፈቱ ዋጋ፣ የፓንቴሊሞን ድርሻ፣
ለልጅ ልጁ ለሳፍታ፣ የእንጀራዋ ማወራረሻ።
ለካ የአሳማን ጋሻ በወተት ገዝታ፣
መርዙን በጣሳ ቀድታ፣
ለሕፃን አፍ ሰጥታ!

እሷም አንጀት አላት፤ ጣት ያለው፣ ስፌት ያለው፤
ያን ቀን ግን ገለፈት አልተገኘም ስፌቷን የሚያቆየው።

ማታ ቆጡ ተራገፈ። እሳት ተለኮሰ።
ፍሬው አልፎ አልፎ እንደ ፈንዲሻ ሲፈነዳ
የሰፈሩን ልጆች ሽታው ጠራቸው ከየጓዳ።
"ሂዱ!" አለች መጥረጊያ አንስታ፣
"አይበላም! ሂዱ ከዚህ!" እንደ እብድ፣ ሻሿን ፈትታ።
ሩክሳንድራ በዝምታ ጆንያ ትቆጥራለች፤
አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት።
ዓሥራ ሦስተኛውን ሁለቱም አብረው አነሱት።

ሲነጋ ባዶ ጣሳ ይዛ ከፓንቴሊሞን ደጅ ቆመች።
"ወተት የለም" አለች። ምክንያቱንም አልሸሸገች።
ሽማግሌው ጣሳውን ተቀበለ፣ ገልብጦ አየው፣
ቆይቶ፣ ቃል ሳይወጣው፣
ባልዲዋን ከመጭመቂያው ሥር ሞልቶ ሰጣት።
ሳፍታ በመስኮቱ፣ አፍንጫዋን መስታወት ላይ ደፍጥጣ፣ ታያት።

ከስምንቱ ግልገል አምስቱ ተረፉ።
በገለፈቱ ነው? በአዲሱ ገብስ ነው? ወይስ ሞት ሰንፎ ነው ያለፉ?
ሩክሳንድራ አልፈረደችም።
"አምስት ነፍስ ማስረጃ አይሆንም" ብላ በሰኞ አውቶቡስ ሄደች።
ዜኖቪያ ከባልዲው አንድ ጥቁር ገለፈት አነሳች፣
ምላሷ ላይ አኖረች።
ኮመጠጣት። አፏን እንደ ኮርቻ ቆዳ አደረቀው።
አልተፋችውም።