አስረኛው ቀን

አስር ቀን ነው ሕጉ።
ታሽጎ ተዘጋጅቶ ሰው ያልወሰደውን
በአስረኛው ማታ ከመንጠቆ አውርደን
ስሙን እንልጣለን፤
ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ እንመልሳለን።
"ተመለሰ" ይላል ኮምፒውተሩ፤ ሌላ አይጠይቅም።
እኔም ወረቀቱን እንጂ ሰውየውን አልልጥም።

ኮልፋክስ ጎዳና፣ አውሮራ፣ የካቲት፤
ከጎማ ቤቱ ጎን ባለች መድኃኒት ቤት
ክኒን ቆጣሪ ነኝ።
አምስት፣ አስር፣ አሥራ አምስት፣ በትሪው ላይ እየገፋሁ፣
ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ወር እየሞላሁ።

ከሁሉም ያቺ ሰማያዊ፤ ሥራዋ ዘበኝነት፣
ኤች አይ ቪ እንዳይገባ ደጅ ላይ መቆም ሌሊት።
ግን ሌባ ያልመጣበት ዘበኛ ምን ያሳያል?
ጌታው ጠዋት ወጥቶ ያልተነካ አጥሩን ያያል፤
"ምን ሠርተህ ልክፈልህ?" ይላል።

ሲራክ ጭነት መኪና ነጂ ነው፣ ከዴንቨር ኦማሃ፣
ሁልጊዜ በእጁ ላይ ግማሽ ጠርሙስ ውሃ፤
እዚሁ ቆሞ ይውጣታል፣ ቀን አያሳልፍም ነበር።
በአራተኛው ወር ቀረ። ደወልኩ፤ ነፋስና ሞተር።
"ተለያየን" አለኝ።
አመሰገንኩት ግሡን፣
"እሷ"ም "እሱ"ም ሳይል ስለሸፈነው ሰውየውን።
"ብቻውን ለሚተኛ ምን ያደርጋል ዘብ?"
መልስ ነበረኝ፤ እንዴት እንደምለው ሳስብ
መስመሩ ተቋረጠ።

ፍቅር ሲያልቅ አደጋም ያለቀ ይመስለናል፤
ልብ መቼ እንደሚራብ ማን ቀድሞ ይነግረናል?

የሌላዋን ስም አልጽፍም። ሃያ ዓመቷ ነው፣
ኢንሹራንሱ የእናቷ፣ ፖስታውም የሚገባው እናቷ ቤት ነው።
እናት እንግሊዝኛ አታነብም፤
ሁሌ የምታነብላት እሷ ነበረች፣
ያን ሰኞ ግን ታናሽ ወንድሟ አነበበው።
ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

ዱዌይን ደግሞ ክኒኗ በኪሱ እየተንኳኳች
"ለአሳንሰር ሙሉ ሰው ታወራብኛለች"
ብሎ ተዋት። ሲስቅ ነው የነገረኝ።
እኔም አብሬው ሳቅኩ፤
ቀልዱ አልገባኝም፣ ግን ሳቅኩ።

እኔስ?

እኔም ከምላጬ ኋላ ሰባት ክኒን የቀሩት ጠርሙስ አለኝ።
ጾም ሲገባ ተውኩት። ማንም አላዘዘኝ፣
በሁዳዴ መዋጥ ለመውደቅ ቀጠሮ መያዝ መስሎኝ።
የንስሐ አባቴን እንኳ አልጠየቅኩም፤ እኔው ፈረድኩ፣ እኔው ጾምኩ፣
እኔው በሁለተኛው ቅዳሜ ሌሊት ሰው ቤት አደርኩ።

አሁን ለመመለስ መጀመሪያ ደም መስጠት አለ።
ያስተወኝ ጾሙ ነበር፤
ያስቀረኝ ግን የደሙ መልስ ነው፣ ገና ያልተባለ።

ኮምፒውተሩ ጾም አያውቅ፤ በራሱ ጊዜ አዝዞ
ከረጢቱ ይኸው ተንጠልጥሏል፣ የራሴን ስም ይዞ።
ባልደረባዬ ኤፍራይን አይቶታል፤ ምንም አይለኝም፣
ግራና ቀኙን ሲያወርድ የእኔን አይነካም።

ዛሬ ዘጠነኛው ነው። ግማሹን መብራት አጥፍተናል፤
ውጭ የጎማውን ክምር በረዶ ሸፍኖታል።
ስልኬ በኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።
የራሳችን መድኃኒት ቤት ነው፤ ያ የማሽን ድምፅ፣
ከከረጢቱ ሁለት ክንድ ርቄ ቆሜ
"መድኃኒትዎ ተዘጋጅቷል" ይለኛል።
ስሜን እንደ ልማዱ አጣሞ ጠራኝ።

"አቤት" አልኩት።