በደረሰኝ ወረቀት የተለካ ቁመት

ሮሲዮ፥
አራት ዓመት በሞላት ማግስት፥ በሰኔ ውርጭ፥ በማለዳ
ፈርሜ ተረከብኳት፥ ከነኮቷ፥ እንደ ዕዳ።
ሕጉ ይላል፦ «አራት ሲሞላው ከግንቡ ይወጣል ልጅ»፤
እናት ስንት ሲሞላት እንደምትወጣ አልጻፈም እንጅ።
ሳምንት ሳይሞላ አንቺን ወደ ሰሜን፥ ወደ ሩቁ ግንብ ወሰዱሽ፤
እኛ ሮዛሪዮ ቀረን፥ ከፓራና ዳር፥ እኔና ልጅሽ።

መጀመሪያ ሰሞን በር ፊት መቆም ብቻ ነበር ሥራዋ፤
ወደ ጓዳ፥ ወደ ግቢ፥ ወደ ሽንት ቤት፥ እጇ ከኋላዋ፥
ቁልፍ የያዘ ሰው እስኪመጣ። በሩ እኮ አልተቆለፈ።
«ግፊው» አልኳት። መዳፏ ተጠጋ፤ ከእንጨቱ ላይ ግን አላረፈ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን አልጋዋ ጥግ ትቆማለች፤
ተረከዟን አጋጥማ ቆጠራ ትጠብቃለች።
«ተይ፥ እዚህ አይቆጠርም» ብላት፥ እንቅልፍ እምቢ አለ።
ባሌ ኡባልዶ፥ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጀርባው የጎበጠ፥
አንድ ማታ ከሶፋው ተነሣ፤ ጎኗ ቆመ፤ ሆዱን ዋጠ።
«ማይሌን!» ስል፥ «አለሁ!»
«ኡባልዶ!» ስል፥ «አለሁ!»
ከዚያ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች፦ «አንቺስ?»
በዚህ ቤት ስኖር፥ እስከዚያች ማታ፥
ማንም ቆጥሮኝ አያውቅም ነበር።

ደውለሽ «ቁመቷን ላኪልኝ» አልሽ። እንዴት ልላክ ቁመት?
ክር ክልክል፥ ገመድ ክልክል፥ ሜትርም ክልክል በዚያ ቤት።
እኔ ካሸር ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከእጄ የማይጠፋው
የደረሰኝ ጥቅል ነው፤ ታዲያ ምን አለ ብቀንሰው?
በየወሩ መጨረሻ፥ ከግድግዳው አስደግፌ፥
ከተረከዝ እስከ አናት ዘርግቼ፥ በመቀስ ጫፉን ቀርፌ
እልክልሻለሁ። ፈታሿ ገለባብጣ አየችው አሉ፤ ምንም አልተጻፈበት፤
«ባዶ ወረቀት ነው» ብላ አሳለፈችው። አላወቀችም፥ ልጅ እንዳለበት።

ግን ሮሲዮ፥ የደበቅኩሽ ነገር አለ።
በነሐሴ፥ ትኩሳት ይዟት፥ ሌሊት፥ «እማ» አለች።
«እማሽ እኮ ሮሲዮ ናት» እንድል ተመክሬ ነበር፤
ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ሁለቴ አስጠንቅቃኝ ነበር።
አላልኩም። «ወዬ» አልኩ።
እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ አድርጌ፥ ደግማ ትጠራኝ እንደሆን እስኪነጋ ጠበቅኩ።
አደራ በላ የሚሉት ለካ እንዲህ በአንድ ቃል ይጀምራል፤
የሰው ልጅ የሚወስድ ሰው እጁን አይዘረጋም፤ ሲጠሩት አቤት ይላል።

በመጋቢት፥ ዘጠኝ ወር የዘገየው ፈቃድ ሲደርሰን፥
ዐሥር ሰዓት መንገድ ተጉዘን፥ ተፈትሸን፥ ጫማ አውልቀን
ገባን። አንቺም ገና ሳታቅፊያት፥ ገና ከሩቅ ስትመጣ
እጅሽን አየር ላይ ዘረጋሽ፥ እንደሚፈልግ ሰው ዕጣ፤
ልክ ከደረሰች፥ መዳፍሽ ዝቅ ሳይል፥ ከፍ ሳይል፥ አናቷ ላይ አረፈ፤
አንድ ጣት አልጎደለ፤ አንድ ጣት አልተረፈ።
ያኔ ገባኝ፥ ሌሊት ሌሊት በወረቀቱ ምን ስትሠሪ እንደነበር።

ሰዓት አለቀ ሲባል፥ ወደ ብረቱ በር ሮጠች፤
ሁለት እጇን አሳርፋ፥ በሙሉ ኃይሏ ገፋች።
«እማ፥ ይሄኛው አይገፋም!»
«ወዬ» አልን፥ ሁለታችንም፥ እኩል።
ዘቧ ቀና ብላ አየችን። አንቺ ሳቅሽ፤ እኔ መሬት አየሁ።
ማናችንን እንደጠራች እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

የዚህ ወር ወረቀት ከደብዳቤው ጋር አለ።
ከባለፈው በግማሽ አውራ ጣት ይረዝማል።
ጫፉ ላይ ያለው ቅባት፥ እንዳይከፋሽ፥ የኡባልዶ ነው፤
እምፓናዳ እየበላ ነው የያዘልኝ።