ብርኩማ

ከየል ወደ አንስት ቫዮሊኔን ይዤ፣
በጥር ነፋስ መጣሁ እስካጥንቴ ደንዝዤ።
ጌዴዎን ሙአት ጀልባ ነው እንጀራው፣
ቫዮሊን መጠገን የማታ ነው ሥራው።

«ምኗን ነው ያመማት?» ብሎ አልጠየቀም፣
ክሯን አልነካካም፣ አልነቀነቀም።
«ተጫወቺ» አለኝ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣
ዓይኑን ከጣቴ ላይ ወደ አንገቴ መልሶ።

ሃያ ዓመት ፋብሪካ ዓሣ ስበልትበት
ግራ ትከሻዬ ቂም ተቋጥሮበት፣
ጆሮዬ ሥር ድረስ ሽቅብ ይወጣና
ከአገጬ ተማክሮ ያንቃታል እንደገና።
«ሌባ ነው?» አለኝ፤ «ማንን ነው የያዝሽው?
እሷ ሳትጮህ በፊት አንቺ ነሽ የጮህሽው።»

ከዚያ ነው ወደ እሷ ፊቱን ያዞረው።

ከጓዳው አመጣ አንድ እፍኝ ደረቅ ገብስ፣
በደረት ቀዳዳዋ ጨመረ ቀስ በቀስ፤
እንደ ሕፃን አቅፎ፣ እንደ ወንፊት ነፍቶ፣
ገለበጣት፤ ገብሱ ወጣ ጉድፍ ጎትቶ።
አንዲት የአይጥ ግልገል የምታህል ብናኝ፣
ግራጫ ሱፍ ለብሳ፣ ከሟች ጋር አገናኝ፦
የአጎቴ የራስሚ ሹራብ ነው፣ አውቀዋለሁ።
«ልጣላት?» አለኝ። «አይ፣ እኔ እጥላለሁ።»
እስካሁን አልጣልኳትም።

ሆዷ ውስጥ የቆመች አንዲት ምሶሶ አለች፣
ጣሪያውን ያለ ሙጫ፣ ያለ ምስማር ያዘለች፤
በቆልማማ ብረት አጎንብሶ ገፋት፣
የአንድ ፀጉር ውፍረት ወደ ኋላ አሳለፋት።
ብርኩማዋን ላገው ክሮቹ ዝቅ እንዲሉ፣
ጣቶቼ ከቢላ ልማድ እንዲገለሉ፤
የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በመቀስ ቆረጠ፣
በትከሻዬና በእንጨቷ መሃል አስቀመጠ፤
ያ ነው ጥበቡ ሁሉ።
ለዋጋው ከገንዘብ ሳልሞን መረጠ።
«አገጭሽ መቀርቀሪያ አይደለም፤ በቀስታ ይረፍ፣
ክርንሽም እንደ ጀልባ ካለበት ይንሳፈፍ።»

ደጋኔን ብስበው፣ ጅማቱ ወፍራሙ
ከሆድ ተናገረ፣ ሻረለት ሕመሙ።
አልዋሽም፣ ሰንብቷል ሻካራው ሲናፍቀኝ፣
የራስሚ ሳል ከቤት የወጣ ያህል ጭር ብሎ ሲያስጨንቀኝ።

ከዚያ የሠርግ ሌሊት። እስኪነጋ ቆዩ፣
ወለሉ ደከመ፣ እግሮች አልተለዩ።
ንጋት ላይ በጀልባ፣ ሣጥኔን አቅፌ፣
ከመስኮቱ አጠገብ በዝምታ አርፌ፣
የማላውቃት ሕፃን፣ ጫማዋን አውልቃ፣
ራሷን ጣል አረገች ትከሻዬ ላይ ወድቃ።

ግራው ላይ ነው። ያኔ ትከሻ እንዳለኝ ትዝ አለኝ፣
ሌሊቱን ሙሉ ረስቼው፣ አንዴም ሳይጠራኝ።

ብርኩማ ሆኜላት ወደቡ ደረስን።