ስንቱ ጸደቀ?

ዛፍን በቅጠሉ ለይቼ አላውቅም፤
በከሰሉ ጠይቁኝ፣ እሱን አልስትም።
ግራር ሲሰበር እንደ ሸክላ ይጮኻል፣
ወይራ አመድ ለብሶ እስኪነጋ ይበራል፣
ቁርቁራ ይፈነጥቃል፣ ሕፃን ላለበት ቤት አይሆንም።
የሁመሩን ግን ተዉኝ፣ እሱን አልናገርም።

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከድሬ በላይ ካለው ተረተር፣
አህያዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ በዚያች በቀጭን መስመር፣
ጋራውን በጆንያ ጠቅልለን
ቀፊራ ገበያ አወረድን።
ጆንያው ነበር የሚቆጠር፤
ጉቶ ማን ሲቆጥር?

ደቻቱ ያኔ አሸዋ ነው፣
ኳስ ሜዳ ነው፣ ግመል ማደሪያ ነው፣
ሙሽራ ከነአጃቢው የሚሻገርበት መንገድ ነው።
አንድ የነሐሴ ሌሊት ግን ወንዝ መሆኑ ትዝ አለው።
ሲነጋ ጎረቤት የለም፣ ግድግዳ የለም፤
ሰዉ «ጭቃ ነው» ይላል፣ እኔ ዝም።
ውሃው ሸትቶኝ ነበር፣ አመድ አመድ።
የገዛ እጄን ሽታ
አልስትም።

ሂቦ ናት የጠራችኝ፣ የችግኝ ጣቢያዋ ሂቦ ጌሌ፦
«ና እስቲ፣ ከሰሌ!
እጅ አጥሮናል፣ ሐዘንህን እዚያው ትጨርሳለህ።»
የግራር ፍሬ ዘረገፈችልኝ፣
የጥፍር መቁረጫ አስጨበጠችኝ።
«ጠርዙን ቁረጥለት፤ ግራር ግትር ነው፣
ካልቆሰለ አይበቅልም።»
«ማቁሰሉን ለኔ ተዪው።»
አልሳቀችም። እኔም ሳልስቅ
ሺህ ያህል ቆረጥሁ፣ መብራቱ እስኪጠፋ።

ሐምሌ ሲገባ ወጣን፦
የገንደ ቆሬ ልጆች፣ የእድሩ ሴቶች ከነአካፋቸው፣
ሁለት የምድር ባቡር ጡረተኞች፣ ከነባርኔጣቸው።
ሙሜ ሽማግሌው በኦሮምኛ ይጠራል የችግኙን ስም፣
ሂቦ በሶማልኛ፣ እኔ ባማርኛ፣ ማንም ማንንም አይሰማም፤
ለአንድ ግራር በሦስት ስም ስንከራከር
ሥሩ ሊደርቅ ነበር።

አንድ ሹም በመኪና መጣ፣ ባነር ተዘረጋለት፤
ፎቶ ተነሣ፣ እጁን ታጠበ፣ ተጨበጨበለት፤
አንዷን ችግኝ ከነላስቲኳ ቀብሮ ሄደ።
መኪናው ሲርቅ ሙሜ ምንም ሳይናገር ወረደ፣
ላስቲኳን ገፈፈ፣ መልሶ ተከላት፣
አፈሩን በመዳፉ ደልድሎ «ቢስሚላሂ» አላት።

በጋ ግን ፎቶ የለውም።
ሃይላንድ በመርፌ በስተን ከየችግኙ አጠገብ ሰቀልን፣
ጠብ፣
ጠብ፣
እንደ ሆስፒታል ግሉኮስ።
ፍየል የእሾህ አጥሩን ዘለለች፣
ምስጥ ከታች መጣ።
ፀሐይዋንማ ተዉት፤ የድሬ ፀሐይ ናት።

ዘንድሮ ሮብሌ፣ የሂቦ የልጅ ልጅ፣ ደብተሩን ገልጦ ጠየቀ፦
«አባ ከሰሌ፣ ከአራት መቶ ሠላሳ ሰባቱ ስንቱ ጸደቀ?»
እኔ ይህን ቃል ከቄስ አፍ ነው የለመድሁት፤
ለዛፍ ሲሉት እስከ ዛሬ አንገቴን እደፋለሁ።
«መቶ አሥራ ዘጠኝ» አልሁት።
ስለ ራሴ አልጠየቀኝም።

ከተረተሩ ጀርባ አፈሩ የጠቆረበት ዳር፣
ከሰል የማከስልበት ጉድጓዴ በነበር፣
አንድ ጉቶ አለ። ቁርጡ ወደ ግራ ያዘነብላል።
ግራኝ ነኝ።
ከቅርፊቱ ሥር አራት ለጋ ቀንበጥ ወጥቷል፣
ፍየል ሳታየው፣ ማንም ሳይተክለው።
ቅጠሉን በጥሼ ቀመስሁት፣
ጎመዘዘኝ።
ሁመር።
የመንደሩ ሁሉ ጥላ የነበረው።

«ይሄስ ይቆጠራል?» አለ ሮብሌ።
ደብተሩ ላይ ያለው ሁለት ዓምድ ነው፦
የጸደቀ፣ የሞተ።
ይህ ደግሞ አልተተከለም፤
እንዲያውም ተገድሎ ነበር።

«ቆይ» አልሁት።
እርሳሱን ነክሶ ጠበቀኝ።
ሃይላንዴ ውስጥ
አንድ ጉንጭ ውሃ ቀርቶ ነበር።